የቦሼ ጸሎትና የጓድ ደምሰው ስም

በ፲፱፻፸፭ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ርእሰ ከተማ በሆነችው በጂንካ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ከሰው ጉልበት በላይ አድጎ ነበር፤ ከተማይቱ በዚህ ሜዳ ዙሪያ የተሠራች ስለሆነች ወደ ገበያ የሚወርደውም፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚወጣውም፣ ከብት የሚያግደውም በዚያው ያቋርጣል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ግን ሹሙም እረኛውም እኩል ይሮጣሉ። በዚያ ዘመን በአዋጅ ከተነገረው እኩልነት ይልቅ በዓይን የታየው ይህ ነበር።

በዚህ ሜዳ ዳር የፍርድ ቤት መጥሪያ የተሰጣት ወይዘሮ ቦሼ፣ የኤርጎ ሚስት፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይዘል ሴት ናት፤ መሠረተ ትምህርት ገና ጀምራ ስለ ነበር ከወረቀቱ ላይ ለይታ ያነበበችው የራስዋን ስም ብቻ ነው፤ ከስሟ በላይ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ ግን ሳታነብም አወቀች፤ በቀበሌው ውስጥ ከሰው ሁሉ በላይ የሚጻፍ ስም አንድ ብቻ ነበርና። እርሱም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የጓድ ደምሰው ስም ነው።

የነገሩ መነሻ ማር ነበር። ባለፈው ግንቦት ባልዋ ኤርጎ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "ለማኅበሩ ያዋጣነው ማር ወዴት ሄደ?" ብሎ ጠየቀ፤ ጓድ ደምሰውም ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ገልጠው በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ እንደሚሰጥበት ተናገሩ፤ ስብሰባው ሳይደርስ አብዮት ጠባቂዎች ከኤርጎ ማሳ ዳር ካለው ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ባዶ ቀፎ አውርደው ከውስጡ ምንሽር ጠብመንጃ አወጡ። መልሱ ይህ መሆኑን ሁሉም ተረዳ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ማር የጠየቀ ሰው የለም። ኤርጎ በፀረ አብዮተኝነት ተጠርጥሮ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ተወሰደ፤ ክሱም ገና አልተሰማም ነበር፤ ምንሽር ደብቆ የተገኘ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚጠብቀው ቦሼ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ቦሼና ጎረቤቶችዋ ጴንጤዎች ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ የሰው ጫጫታ ዝማሬን በሚውጥበት ሰዓት፣ እትዬ ጤናዬ በተባሉ ባል በሞተባቸው ሴት ጓዳ ይሰበሰቡ ነበር። ልማዳቸውም ኃጢአት የከበደው ሰው ተነሥቶ በሁሉ ፊት ይናዘዛል፤ የሰሙት ይጸልዩለታል፤ የተናዘዘው ቃል ግን ከጓዳው ደፍ አያልፍም። በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ የኤርጎ የድንበር ጎረቤት ሙሴ ተነሣ።

"ያን ብረት በኤርጎ ቀፎ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ። "ጓድ ደምሰው 'የማኅበሩ ነው፤ ለጊዜው እዚያ ይቀመጥ፤ ኤርጎም ያውቃል' አሉኝ። አስቀመጥኩ። ኤርጎ ሲታሰር ግን አፌ ተያዘ።"

በጓዳው የነበሩት ሁሉ ቦሼ ትጮኻለች ብለው ጠበቁ፤ እርስዋ ግን ተንበረከከችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸለየች፤ "ጌታ ሆይ፣ ወንድም ሙሴን ይቅር በለው። ጓድ ደምሰውንም ይቅር በላቸው፤ በባሌ ቀፎ ምንሽር ያስገቡት እሳቸው ናቸው።" በእግዚአብሔር ፊት እንኳ ማዕረጋቸውን አላጎደለችባቸውም።

ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ፣ ጓድ ደምሰው ያቆሙት ሶርሳ የሚባል የማኅበሩ ጥበቃ ነበር፤ በዚያው ቀን የቦሼን ቃል ለሊቀ መንበሩ አደረሰ።

ሊቀ መንበሩ ተሰብሳቢዎቹን ወዲያው ማሳሰር ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ለሚቋቋመው ፓርቲ አባልነት ታጭተው ነበርና የታጨ ሰው ስሙ ይጠየቃል፤ በእስር ደግሞ ሰው እንጂ ወሬ እንደማይያዝ ያውቃሉ። የፈለጉት ማኅተም ያረፈበት ንጹሕ ስም ነው። ስለዚህ በአውራጃው ታሪክ ከዚያ በፊት ያልተሰማውን ነገር አደረጉ፤ ብርቱው ሰው ደካማዋን ሴት "ስሜን አጠፋችው" ብለው በፍትሐ ብሔር ከሰሱ።

ቦሼ መጥሪያውን ይዛ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ አቶ ውባየሁ ሄደች። አቶ ውባየሁ በጃንሆይ ጊዜ ጠበቃ ነበሩ፤ ፈቃዳቸውን ከተነጠቁ ወዲህ በፍርድ ቤቱ ደጅ ከግራር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ ምን ይላል?"

"ስም ማጥፋት ይላል።"

"የማንን?"

"የጓድ ደምሰውን።"

"ስማቸው መቼ ጠፋ? ይኸው ወረቀቱ ላይ አለ አይደለም እንዴ?"

"አታስቂኝ፤ ሰው ያያል።" ወረቀቱን ደግመው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። "ስሚኝ ልጄ። ሌላ ሰው እየሰማ፣ ስለ አንድ ሰው የሚያስጠላውን ወይም የሚያዋርደውን ነገር ከተናገርሽ ስም አጥፍተሻል። ልጎዳው አላሰብኩም ማለት አያድንም።"

"ክፉ ሰው ናቸው ብልስ ኖሮ?"

"እሱ አስተያየት ነው። ስለ ሕዝብ ጉዳይ አስተያየት መስጠት ብቻውን አያስጠይቅም፤ በመጽሐፉ ማለቴ ነው፤ ቀበሌ ሄደሽ እንዳትሞክሪው። ምንሽር አስገቡ ማለት ግን አስተያየት አይደለም። ወይ አስገብተዋል፣ ወይ አላስገቡም።"

"አስገብተዋል።"

"ቆይ፣ አትቸኩዪ። አላልኩም ብትዪስ? የሰማሽ ሶርሳ ብቻ ነው።"

"ብያለሁ እኮ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። ብትዪስ ነው የምልሽ።"

ቦሼ ራስዋን በእንቢታ ነቀነቀች፤ አቶ ውባየሁም የጴንጤ ደንበኛ ለጠበቃ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በልባቸው አማረሩ።

"እንግዲያው ለእግዚአብሔር ነው የተናገርኩት በይ። ሕጉ እሱን እንደ ሌላ ሰው አይቆጥረውም። ግን 'ማን ቤት? ከነማን ጋር?' ትባያለሽ። እይ፣ ክሱ 'ሰዎች በተሰበሰቡበት' ይላል እንጂ 'በጸሎት' አይልም። ጓድ ደምሰው ረስተውት አይምሰልሽ፤ ያቺን ቃል ከአንቺ አፍ ይፈልጓታል። ስማቸውን በአንድ እጅ፣ እናንተን በሌላው ሊወስዱ ነው።"

"እውነት ነው ብልስ?"

"እውነት መሆኑን ካስረዳሽ ነጻ ነሽ፤ ለመጉዳት ብቻ ብለሽ የተናገርሽው ካልሆነ። ነገር ግን የምታስረጂው አንቺ ነሽ፤ እሳቸው አይደሉም። ምስክር አለሽ?"

"አለኝ። ግን አልጠራውም።"

"እንዲህ ያለውን ምስክር ሕጉ 'የለም' ነው የሚለው።" አቶ ውባየሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብትሸነፊ ገበያ መካከል ቆመሽ 'ዋሽቻለሁ' ትያለሽ። እሱ ቀላሉ ነው። የውሳኔው ግልባጭ በባልሽ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ፍርድ ቤት 'ደምሰው አላስገባም' ካለ፣ ያስገባው ማን ነው ሊባል ነው?"

"ኤርጎ" አለች ቦሼ።

አቶ ውባየሁ መነጽራቸውን አድርገው መልሱን ይጽፉ ጀመር።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ፣ ቦሼ ጎደሬ ስትነቅል ሙሴ ከድንበሩ ማዶ መጥቶ ቆመ። ሦስት ልጆች ያሉት፣ በስብሰባ ላይ ከበር አጠገብ መቀመጥ የሚወድ ሰው ነበር።

"እህት ቦሼ፣ ትጠሪኛለሽ?"

"አልጠራህም።"

"ለምን?"

"ጓዳ የተባለ ነገር ጓዳ ይቀራል።"

"ኤርጎስ?"

ቦሼ ሥሩን ከአፈሩ ጋር ነቅላ ጣለችው። "ይቅርታውን ሰጥቼሃለሁ፤ ከልቤ ነው። ከዚያ በላይ ከእኔ አትፈልግ። አንተን መጥራት የእኔ ሥራ አይደለም።"

ጠርታው ቢሆን ኖሮ ሙሴ ተገድጄ ነው ይል ነበር፤ እርስዋ ግን ያንን እንኳ አልሰጠችውም። ሳይሰናበት ሄደ።

ችሎቱ በዋለበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጓድ ደምሰው በተተኮሰ ካኪ ከፊት ተቀመጡ፤ ሙሴ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዳኛው አቶ ሀብተ ማርያም ቀጭን፣ ዝግተኛ ሰው ነበሩ፤ ከሌላ አውራጃ ወደ ጂንካ የተዛወሩበትን ምክንያት ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

"ተከሳሽ፣ በክሱ ላይ የተጻፈውን ቃል ተናግረሻል?"

"ተናግሬያለሁ።"

አቶ ውባየሁ ከኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የት?"

"እሱን አልናገርም።"

"ለማን ነው የተናገርሽው?"

"ለማይከሰስ።"

በአዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳለ፤ መሳቅ የሚያስፈራበት ዘመን ስለ ነበር ሕዝቡ ሲስቅ ይስል ነበር። ዳኛው ብዕራቸውን አላነሡም።

"ያልሽው እውነት ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ?"

"እውነት ነው።"

"ማስረጃሽስ?"

ቦሼ ከዳኛው ራስ በላይ በግድግዳው ላይ ያለችውን ሚስማር ትኩር ብላ አየች፤ ዓይንዋ ወደ በሩ እንዳይሄድ የያዘቻት ያቺ ሚስማር ናት። "የማቀርበው የለኝም" አለች።

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ነበር። ዳኛው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ ጓድ ደምሰው ተነሡ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሬ ይሰማልኝ።"

"አምናለች እኮ። ምስክር ምን ያደርግልዎታል?"

"የት ሆና፣ ከነማን ጋር እንዳለችው ይመዝገብልኝ።"

እትዬ ጤናዬ ከአግዳሚው መካከል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዳኛውም ከሳሽ ምስክር የማሰማት መብት ስላለው ሶርሳን አስጠሩ።

ስለ ሶርሳ ግን ጓድ ደምሰው ልብ ያላሉት ነገር ነበር። አባቱም አያቱም በአሪ አገር የባላባት መልእክተኞች ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች ወረቀት ሳይኖር ቃል ከተራራ ወደ ተራራ ያደርሱ ስለ ነበር የሰሙትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያጎድሉ ሳይጨምሩ ይናገራሉ፤ መካከሉ ላይ ያቋረጧቸው እንደሆነ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ለእነርሱ ቃል መቁረጥ አደራ መብላት ነው።

"ከግድግዳው ወዲያ ቆምኩ" አለ ሶርሳ ዓይኑን ከድኖ። "መጀመሪያ ዘመሩ። ረዥም ነው ዘፈኑ።"

"ወደ ነጥቡ ግባ" አሉ ጓድ ደምሰው።

ሶርሳ እንደገና ጀመረ። "ከግድግዳው ወዲያ ቆምኩ። መጀመሪያ ዘመሩ። ረዥም ነው ዘፈኑ።"

"ጓድ ደምሰው" አሉ ዳኛው፣ "ባቋረጡት ቁጥር እኛም ዝማሬውን መስማታችን ነው። ይተዉት ይጨርስ።"

"ቀጥሎ ሴት ጸለየች። ለዝናብ፤ ለታመመ ጥጃ፤ ለጓድ ሊቀ መንበር ጤና። ቀጥሎ ወንድ ተናገረ። 'ያን ብረት በኤርጎ ቀፎ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጓድ ደምሰው የማኅበሩ ነው፤ ለጊዜው እዚያ ይቀመጥ...'"

"ይህ በክሱ ውስጥ የለም!" ጓድ ደምሰው ተነሥተው ነበር።

"ምስክሩ የእርስዎ ነው" አሉ ዳኛው።

"ለእኔ ይህን አልነገረኝም።"

ሶርሳ ዓይኑን ገለጠ። "ልነግርዎ ስጀምር 'አሳጥር፤ መጨረሻውን ብቻ' አሉኝ" አለ፤ በቅሬታ አልነበረም። ከዚያም ዓይኑን መልሶ ከደነና ከግድግዳው፣ ከዝማሬው፣ ከጥጃው ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ የሳለ ሰው አልነበረም፤ የሙሴን ኑዛዜና የቦሼን ጸሎት እስከ አሜን ድረስ ተናግሮ ጨረሰ።

ዳኛው እስኪጽፉ ድረስ ሁሉ ጠበቀ።

"የወንዱ ድምፅ የማን ነው?"

ሶርሳ በቀበሌው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ከሳሉ እንኳ ለይቶ ያውቃል። ወደ አዳራሹ አንድ ጊዜ ብቻ አየ። "ግድግዳ ነበር ክቡር ዳኛ። የላኩኝ ቃሉን እንጂ ሰውየውን አምጣ አላሉኝም።"

"ባለቤት የሌለው ቃል ማስረጃ አይሆንም" አሉ ዳኛው፤ አነጋገራቸው ለሶርሳ ይሁን ለሌላ ሰው አልታወቀም። "ፍርድ ቤቱ ሌላ የሚሰማው ከሌለ ለውሳኔ ይቀጥራል።" ብዕራቸውን ግን ክዳኑን ሳይገጥሙ ያዙት።

ቦሼ ከሚስማሯ ላይ ዓይንዋን አላነሣችም። በዚህ ዝምታ ውስጥ ኤርጎ ሊሞት እንደሆነ አወቀች፤ የሙሴን ስም ብጠራው ኖሮ የሚለው ሐሳብም እንደ እሾህ ወጋት፤ አፍዋን ግን አልከፈተችም።

ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ተንቋቋ።

"ድምፁ የእኔ ነው" አለ ሙሴ።

"ተቀመጥ" አሉ ጓድ ደምሰው፣ በስብሰባ ላይ እንደሚሉት፣ ሳይጮኹ። የሙሴ ጉልበት ለዓመታት እንደ ለመደው ግማሽ መንገድ ታጠፈ፤ አዳራሹ ሁሉ አየው፤ ከዚያም መልሶ ቀጥ አለ።

"የምትናገረው ራስህን እንደሚያስከስስህ ታውቃለህ?" ሲሉ ጠየቁት ዳኛው።

"አውቃለሁ። ከግንቦት ጀምሮ አውቃለሁ።"

ምሎ ተናገረ፤ ምንሽሩን ከማን እጅ እንደተቀበለ፣ በየትኛው ቀፎ እንዳስገባው፣ ምን እንደተባለም ተናገረ። ጓድ ደምሰው አንድም ጥያቄ አላቀረቡም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ማለት እንዳለባቸው የጻፈላቸው ሰው አልነበረም።

ውሳኔው ሲነበብ አጭር ነበር፤ የተነገረው ነገር እውነት መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ ተበዳይዋ ይቅርታ የለመነችለትን ሰው ለመጉዳት ብቻ ብላ ተናገረች ማለትም ስለማይቻል፣ ክሱ ተሰርዟል ይላል። አቶ ውባየሁ "'ተበዳይዋ' የሚለው ቃል ትርፍ ነው" ብለው ለጎረቤታቸው አንሾካሾኩ፤ ይህን ሲሉ ግን ያለቅሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሙሴና እትዬ ጤናዬ ታሰሩ፤ ጓዳው ታሸገ። እትዬ ጤናዬ ከገና በኋላ ተለቀቁ። የውሳኔው ግልባጭ ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ሄዶ ኤርጎ የተፈታው ወደ በልግ ግድም ነው፤ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ይዞት የመጣው የጭነት መኪና በማግስቱ ሙሴን ይዞ ሊመለስ ሆነ። ኤርጎ ነገሩን ሁሉ በዚያች ሌሊት ከሚስቱ አፍ ሰምቶ ነበር፤ ማለዳ ወደ መኪናው ሄዶ በካቴና ታስሮ ከተቀመጠው ከሙሴ ፊት ብዙ ጊዜ ቆመ። ቦሼ ከኋላው ሆና የባልዋን ጀርባ ትመለከት ነበር።

"እዚያ ትኋን አለ" አለ ኤርጎ በመጨረሻ። "በር ዳር ተኛ።"

"እሺ" አለ ሙሴ።

በሁለቱ መካከል ከዚህ በኋላ የተነገረ ቃል የለም፤ ሙሴ በሁለተኛው ዓመት በእስር ሳለ በተስቦ ሞተ። ጓድ ደምሰው ለፓርቲ አባልነት ሳይመረጡ ቀሩ፤ ነገር ግን ልምዳቸው ታይቶ በሌላ ወረዳ የተሻለ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ዳኛው በኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ዱስ፣ ችሎት ወደማይዋልበት አገር ተዛወሩ፤ አሁንም ምክንያቱን አልጠየቁም።

በ፲፱፻፹፫ ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲለወጥ የታሸጉት ጸሎት ቤቶች ተከፈቱ፤ በጂንካም በአንድ እሑድ ስለ እምነታቸው የታሰሩና የሞቱ ሰዎች ስም በጉባኤ ፊት ተነበበ። ስለ ሙሴ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው መክረው ነበር፤ የተፈረደበት በጦር መሣሪያ ነው፣ በእምነት አይደለም፤ ደግሞም ጓዳው የታሸገው በእሱ ኑዛዜ ምክንያት ነው የሚሉ በዙና ስሙ ቀረ። በከተማው የቀረው ወሬም ሌላ ነው፤ ነገር የሚያስረዝም ሰው ሲያጋጥም "ሶርሳ መጣ" ይባላል፤ የሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ሶርሳ ማን እንደነበረ አያውቁም። ስሙ የጠፋበት ሰው የሚከስበት አንቀጽ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ስሙ ያልተጠራ ሰው የሚከስበት ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም።

በዚያ እሑድ ስሞቹ ተነብበው ሲያልቁ ኤርጎ ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ "አንድ ቀርቷል" አለ። ጉዳዩ በሽማግሌዎች ታይቶ ማለቁ በትሕትና ተነገረው። ኤርጎ አልተከራከረም፤ ቦሼም ከጎኑ ተነሣች፤ ስብከቱ ተጀምሮ፣ መባው ተሰብስቦ፣ ቡራኬው እስኪሰጥ ድረስ ሁለቱ እንደ ቆሙ ነበሩ።